ኤክስ ጠ ናት፣ ኤክስ ሸ ናት

እሙዬ፣ ሥራሽ ያምራል፤ ይሄን አስቀድሜ ልበል። ግን ይቺን የተማሪ መመዝገቢያ ከጠዋት ጀምሮ የምትሞክሪያት በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ነው፤ «ቴስት አንድ»፣ «ቴስት ሁለት» እያልሽ። ሀዲያ ውስጥ፣ ሆመቾ ላይ ቴስት ሁለት የሚባል ልጅ ሊመዘገብ አይመጣም። እስቲ ወንበርሽን ጠጋ አድርጊና ከኋላሽ ቆሜ የሚታየኝን ልንገርሽ። ኮዱን አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ የማውቀው የሚጽፉትን ሰዎች ጣት ነው። ጽሕፈት ቤት ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ፣ ኋላም ቢሮ ገብቼ «ኮምፒውተሩ እምቢ አለ» ባሉኝ ቁጥር እየሄድኩ ሳይ፣ ኮምፒውተሩ ብዙውን ጊዜ ምንም አልሆነም። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ሌላ ኪቦርድ መኖሩን አላሰበም፤ አለቀ።

ፕሮግራምሽ የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ አስቢው። ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ሲመሠረት የሥራ ቋንቋው አማርኛ ሆኖ ቀጠለ፤ ስለዚህ የተማሪው ስም፣ የወላጁ ስም፣ ቀበሌው በአማርኛ ይሞላል። ልጁ ክፍል ሲገባ ሀዲይኛ ይማራል፤ ሀዲይኛ ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ኢሜይልና ፓስዎርድ ያው እንግሊዝኛ ናቸው። አንድ ቅጽ ላይ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ማለት ነው። ሬጅስትራሯ ዊንዶውስና ስፔስን፣ ወይም ኦልትና ሺፍትን እየተጫነች ከአንዱ ወደ ሌላው ትዘላለች፤ ወላጅ መስኮቱ ላይ ተደርድሮ እየጠበቀ መቀየሯን ትረሳለች። እንደምትረሳ ቆጥረሽ ሥሪው።

አሁን የኤክስን ነገር ልንገርሽ፤ ከሁሉ በላይ ራስ የሚያዞረው እሱ ነው። በሀዲይኛም በከምባትኛም የላቲን አጻጻፍ ኤክስ የ«ጥ» ድምፅ ናት፤ ሲ የ«ጭ»፣ ፒ እና ኤች ተጣምረው የ«ጵ»። አማርኛን በእንግሊዝኛ ድምፅ እየተከተሉ የሚጽፉት ኪቦርዶች ላይ ደግሞ ኤክስ ብዙውን ጊዜ «ሽ» ናት፤ ሲ «ች»፤ «ጥ»ን ለማግኘት ሺፍት ይዘሽ ትልቁን ቲ፣ «ጭ»ን ለማግኘት ትልቁን ሲ ትመቺያለሽ። ይሄኛው ልማድ የመጣው ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፊደላችንን በላቲን ምልክቶች ለመጻፍ ካዘጋጁት ሥርዓት ነው። በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «ሴራ» ይባላል፤ ስሙ እንዲህ ቢሆንም ክፋት አልነበረበትም፤ ኢትዮጵያውያን ፊደላቸውን በማያሳይ መሣሪያ ላይ ሆነው ኢሜይል እንዲጻጻፉ አስችሏል። ብቻ የእኛ አገር ልጅ ሀዲይኛውን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በኤክስ ለምዶት ይመጣና «ጥላሁን» ሊጽፍ ሲነሣ «ሽላሁን» ይወጣለታል። ልጁ አልተሳሳተም። ሁለት ትክክለኛ ሥርዓቶች አንድ ቁልፍ ላይ ተገናኝተውበት ነው።

ይሄን ፕሮግራምሽ ሊፈታው አይችልም፤ ሊያሳየው ግን ይችላል። ከእያንዳንዱ ሣጥን አጠገብ አሁን የትኛው ኪቦርድ እንደበራ የምትናገር ትንሽ ምልክት አኑሪ፤ «አማ»፣ «ሀዲ»፣ «እን»። ሰው ወደ ሣጥኑ ሲገባ ኪቦርዱን በራስሽ የመቀየር ፈተና ይመጣብሻል። ከቀየርሽ ምልክቱ በግልጽ ይታይ፤ ሰውየው መልሶ ቢቀይረው ደግሞ ፕሮግራሙ እልህ አይጋባ። ሳይነገረኝ ቋንቋዬን የሚለውጥብኝ ፕሮግራም ላይ ተቀምጬ ስንት ጊዜ እንደተናደድኩ አላህም እግዜርም ያውቃሉ።

ማስታወሻሽ ላይ «ግዕዝ መጻፊያ ውስጡ ይገባል» የሚል አየሁ። እባክሽ ተዪው። በድሮው ጊዜ ግድ ነበር። መደበኞቹ 33 ሆሄያት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። የተለመደው የአሜሪካ ኪቦርድ ምልክት የሚጽፉ 47 ቁልፎች ብቻ ናቸው ያሉት፤ በሺፍት ቢታጠፉ 94። ኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪናን ለአማርኛ ሲያመቻቹ ያሰቃያቸው ይኸው ጥበት ነው፤ መፍትሔውም ፊደሉን በቁራጭ መገጣጠም ሆነ፣ መጀመሪያ ግንዱን መምታት፣ ከዚያ እግሩን ወይም ክንፉን መቀጠል። ኮምፒውተር ሲመጣ እንደ ዶክተር አበራ ሞላና አቶ ፍስሐ አጥላው ያሉ ውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የየራሳቸውን የአማርኛ መጻፊያ ሠሩ፤ አገር ቤትም ሌሎች ተከተሉ። ሁሉም የራሱ ፎንት፣ የራሱ ቁጥር፣ የራሱ የቁልፍ አሰላለፍ ነበረው፤ የአንዱን በሌላው መክፈት አይቻልም ነበር። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ለእያንዳንዱ ፊደላችን አንድ ቋሚ ቁጥር ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ የአማርኛ ኪቦርድና ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ።

ዛሬ ሰው መጻፊያውን ይዞ ነው የሚመጣው። አንዷ የዊንዶውሱን፣ ሌላዋ ፓወር ግዕዝን፣ ሌላው ኪይማንን፣ ወላጁ በስልኩ የጉግሉን። አንቺ ከላይ ሌላ መጻፊያ ብትደርቢ ሁለት ሰው በአንድ ምጣድ ሲጋግር ማለት ነው፤ ኤስን ስትመታ የእሷ ኪቦርድ «ስ» ብሎ ይልካል፣ ያንቺ ደግሞ የእንግሊዝኛ ኤስ ይጠብቃል፣ ወይ ሁለት ይወጣል ወይ ምንም። የአንቺ ድርሻ የመጣውን ፊደል በክብር መቀበል ነው። እሱም ቀላል እንዳይመስልሽ።

ይቺን «ሴክሽን» የምትለዋን ሣጥን እዪ። አንድ ፊደል ብቻ እንድትቀበልና እንደተሞላች ወደሚቀጥለው እንድትዘል አድርገሻታል። በእንግሊዝኛ ኤ ብለሽ ስትሞክሪያት ፈጣንና ደስ የምትል ናት። አሁን «9ኛ ሀ» ለመጻፍ ሞክሪ። ኤችን ትነኪያለሽ፤ «ህ» ይወጣል። ፕሮግራምሽ «ሞላ!» ብሎ ዘለለ። «ሀ» ለማድረግ የሚያስፈልገው አናባቢ ቀጣዩ ሣጥን ውስጥ ብቻውን ወድቆ ቀረ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ «9ኛ ህ» እና «9ኛ ል» ሊሆን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ የእኛ ፊደል በአንድ ምት አይወለድም። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ በነዚህ ኪቦርዶች አምስት ምት ነው፤ በመንገዱም ስ፣ ሰ፣ ሰል፣ ሰላ እያለ ቅርጹን ይለውጣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ምት ላይ የምታደርጊው ነገር ሁሉ ያልበሰለ ፊደል ላይ ነው የሚያርፈው። እዚህ ጋ ስሙን በየምቱ ታጣሪያለሽ፣ ትርፍ ባዶ ቦታ ትቆርጪያለሽ፣ መልሰሽም ሣጥኑ ውስጥ ትጽፊዋለሽ። ያን ጊዜ ኪቦርዱ የጀመረው ፊደል ከእጁ ይወሰድበታል፤ ቀጥሎ የሚመጣው አናባቢ የሚጣበቅበት ያጣል። አንዳንዶቹ መጻፊያዎች ደግሞ ፊደሉን የሚቀይሩት ባክስፔስ ልከው የቀድሞውን አጥፍተው አዲሱን በመተካት ነው፤ «ሣጥኑ ባዶ ከሆነ ባክስፔስ ወደ ኋላ ይመልስ» የሚለው ብልሃትሽ እነሱ ላይ ጉድ ይፈጥራል። ማጣሪያውን ሰውየው ከሣጥኑ ሲወጣ አድርጊው። በብራውዘር የምትሠሪ ከሆነ ደግሞ ብራውዘሩ ራሱ «ገና እየተጻፈ ነው» የሚል ምልክት አለው፤ ጠይቂውና ጠብቂ። ይሄ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ሰው ቃሉን የሚያጸድቀው ኢንተርን ተጭኖ ነው፤ ኢንተርን «ላክ» አድርገው የሠሩ ፕሮግራሞች ያልተጨረሰ መልእክት ሲያፈተልኩ ኖረዋል።

አቋራጮችሽንም አየሁ። ለማስቀመጥ ኤስ ብቻ፣ ለማጥፋት ዲ ብቻ። አማርኛ ሲበራ ኤስ «ስ» ነው፤ ፕሮግራምሽ ኤስን ይጠብቃል፣ ሴትየዋ ደግሞ አስቀመጥኩ ብላ ተነሥታ ትሄዳለች። «የወጣውን ፊደል ትቼ የቁልፉን ቦታ አያለሁ» ትይኝ ይሆናል፤ ለእኛ ያዋጣል፣ ለሌላው ላያዋጣ ይችላል። ፈረንሳዮች ኪቦርድ ላይ ዜድና ደብልዩ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ኮንትሮልና ዜድ ብሎ የመጨረሻውን ሥራ ሊመልስ የፈለገ ሰው፣ በቦታ ከቆጠርሽበት ኮንትሮልና ደብልዩ ሆኖበት ገጹ ይዘጋበታል። ጀርመኖች የኢሜይሏን ጥምዝምዝ ኤ የሚጽፉት በቀኝ ኦልትና በኪው ነው፤ ዊንዶውስ ያን ኦልት ኮንትሮልና ኦልት አንድ ላይ እንደተመቱ ስለሚያየው፣ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኪውን አቋራጭ ያደረገ ፕሮግራም ጀርመኑን ኢሜይል መጻፍ ይከለክለዋል። አንቺ የኤፍ ቁልፎችን ተጠቀሚ፤ እነሱ በየትኛውም ቋንቋ ያው ናቸው። በተጨማሪ ግልጽ «አስቀምጥ» የሚል ቁልፍ ገጹ ላይ ይኑር። እዚህ አካባቢ አቋራጭ በቃሉ የያዘ ሬጅስትራር ብዙ አላየሁም።

አሁን ወደምወዳት ነገር ልምጣ፤ ወደ ጭረቷ። በሀዲይኛና በከምባትኛ አጻጻፍ ከላይ የምትንጠለጠለው ያቺ ጭረት ጌጥ አይደለችም፤ ጉሮሮ ላይ የሚያዝ ድምፅ የምትወክል ሙሉ ፊደል ናት። ኦሮምኛም ላይ «ሁዻ» ብለው ይጠሯታል። አንቺ ደግሞ ዳታቤዙ እንዳይሰበር ብለሽ ከየስሙ ላይ እየለቀምሽ ታጠፊያታለሽ። ፍርሃትሽ ይገባኛል፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ነው፣ በጭረት ገብቶ ዳታ የሚሰርቅ አለ። መድኃኒቱ ግን ጥያቄውንና እሴቱን ለየብቻ ወደ ዳታቤዙ መላክ ነው፤ ያኔ ጭረቷ ምንም አትሰብርም። የሰውን ፊደል ማጥፋት መከላከያ አይባልም።

ከማጥፋቱ የሚብስም አለ። ያቺ ጭረት በኮምፒውተር ዓለም ቢያንስ አራት መልክ አላት። ኪቦርዱ ላይ ያለችው ቀጥ ያለችው በዩኒኮድ 0027 ናት። ወርድ ላይ ስትጽፊ «ላሳምርልሽ» ብሎ ወደ ጥምዟ 2019 ይቀይራታል፤ ከባዶ ቦታ ቀጥላ ከመጣች ደግሞ የጥቅስ መክፈቻ መስላው 2018 ያደርጋታል። አራተኛዋ 02ቢሲ ናት፤ ዩኒኮድ «ይቺ ሥርዓተ ነጥብ አይደለችም፣ ፊደል ናት» ብሎ ለይቶ ያስቀመጣት። ለዓይን አራቱም ይመሳሰላሉ። ለሰርች አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መምህሩ ከወርድ ገልብጦ ያስገባውን ስም ሬጅስትራሯ በኪቦርድ ስትፈልገው «አልተገኘም» ይላታል፤ እሷም ልጁን እንደገና ትመዘግበዋለች፤ አንድ ልጅ ሁለት ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ ቀጥ ያለችውን ወይም ጥምዟን አንዳንድ ፕሮግራሞች የቃል ድንበር አድርገው ስለሚያዩአት፣ ቃሉን ለመምረጥ ሁለቴ ጠቅ ስታደርጊ ግማሹ ብቻ ይያዛል።

እኔ ብሆን አራቱንም እቀበልና ወደ 02ቢሲ አምጥቼ አስቀምጣለሁ፤ ሰርች ሲደረግም የተጻፈውን እንዲሁ አመጣዋለሁ። የምትጠቀሚበት ፎንት እሷን መያዙን ግን አስቀድመሽ እዪ፤ ካልያዛት ባዶ ሣጥን ሆና ትወጣለች። የሃዋይ ሰዎች «ኦኪና» የሚሏት ተመሳሳይ ፊደል አለቻቸው፤ እነሱም በኮምፒውተር ላይ እንደ ፊደል እንድትታይ በራሷ ቁጥር ይጽፏታል። እኛ ብቻችንን አይደለንም ለማለት ያህል ነው።

ሌላም ከላቲኑ ሳልወጣ። በሁለቱም ቋንቋዎች ረጅም አናባቢም የሚጠብቅ ተነባቢም በድርብ ፊደል ነው የሚጻፈው። ድርቡን «የተደገመ ቁልፍ» ብሎ የሚያጸዳ ነገር ካለሽ አውጪው፤ ቃሉን ሌላ ታደርጊዋለሽ። የሣጥኖቹንም ስፋት ጨምሪ። በስልክ የሚሞላው ገጽ ላይ ራስ አራሚው ይጥፋ፤ እንግሊዝኛ መስሎት እያንዳንዱን የሀዲይኛ ቃል ያርማል። ቋንቋውንም ለገጹ ንገሪው፤ ሀዲይኛ ዓለም አቀፍ መለያው ኤች-ዲ-ዋይ ነው፣ ከምባትኛ ኬ-ቲ-ቢ። ለመሞከሪያ ረዘም ያለ እውነተኛ ጽሑፍ ከፈለግሽ «ትንሹ ልዑል» እ.ኤ.አ. በ2018 በከምባትኛ ታትሟል፤ ከእሱ አንድ ገጽ ብትተይቢ ጭረቱም ድርቡም በሽበሽ ነው። ከምባታ ውስጥ፣ ዱራሜ ላይ ይሄን ፕሮግራም ልትሸጪ ካሰብሽ ደግሞ ግዴታሽ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ወጣቶቹ የማታውቁት። ሀዲይኛና ከምባትኛ ሁሌ በላቲን አልተጻፉም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መማሪያ ከሆኑት 15 ቋንቋዎች ውስጥ ሁለቱም ነበሩ፤ የተጻፉትም በግዕዝ ፊደል ነበር። ወደ ላቲን የተዞረው ኋላ ላይ ነው። ስለዚህ የወላጅ አስተያየት በሚለው ሣጥንሽ ውስጥ እናቶች ሀዲይኛን በፊደል ሊጽፉልሽ ይችላሉ። አንቺ ደግሞ «ቋንቋ፦ ሀዲይኛ» ከተመረጠ ከላቲን ውጪ አይግባ ብለሻል። ያን ከልካይ አንሺው። ቋንቋና ፊደል የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ለየብቻ ያዣቸው።

የአማርኛ ስም ፍለጋ ላይ ትንሽ ልቆይብሽ፣ ታግሠሽ ስሚኝ። ሆሳዕናን ራሷን እዪ፦ ሆሳዕና፣ ሆሳእና፣ ሆሣዕና። ሁሉም ሰሌዳ ላይ አሉ። ኃይሌ፣ ኀይሌ፣ ሀይሌ፣ ሃይሌ፣ ሐይሌ። ፀጋዬና ጸጋዬ። ሰው ሲያነባቸው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ የማይገናኙ ቁጥሮች ናቸው። መፍትሔው ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ነው። አንደኛው ሰውየው የጻፈው ስም፣ ሳይነካ። ሁለተኛው የማይታይ፣ ለሰርች ብቻ የሚያገለግል፦ እዚያ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ታመጫለሽ፤ ሀና ሃ፣ አና ኣ ደግሞ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ እነሱንም ታዋህጃለሽ። የሚፈለገውንም ቃል እንዲሁ አድርገሽ ታነጻጽሪያለሽ።

የሚታየውን ግን እንዳትነኪ። አባቱ በኃ ካስመዘገበው በኃ ይኑር። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደልም ከአማርኛው ላይ በራስሽ እንዳትፈበርኪ፤ ለብሔራዊ ፈተና የሚሄደው እሱ ነው፣ ካርዱ ላይ አንድ ፊደል ሲለያይ ልጁ በየቢሮው ደጅ ሲጠና ይከርማል። ጥላሁን በእንግሊዝኛ ልማድ በቲ ይጻፋል፣ በሀዲይኛ ልማድ በኤክስ፤ የቱን እንደሚፈልግ ጠይቂው። ስም ዝርዝሩን በተራ ስታሰልፊ ደግሞ ዩኒኮድ ፊደሎቹን በሀ ለ ሐ መ ተራ ስላስቀመጣቸው መደዳው ደህና ይመጣል፤ ግን የኃይሌና የሀይሌ ልጆች ገጽ ለገጽ ይራራቃሉ። በማይታየው ስም ደርድሪያቸው፣ ጎን ለጎን ይመጣሉ።

ትምህርት ቤቱ የድሮ ዝርዝሮች በፍላሽ ይሰጥሻል፣ መቼም አይቀርም። እነዚያ ምናልባት ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። መለያው ቀላል ነው፦ ጽሑፉን ምረጪና ፎንቱን ወደ ተራ የእንግሊዝኛ ፎንት ቀይሪው። አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፤ ወደ ቅንፍና የመቶኛ ምልክት ድብልቅልቅ ከተለወጠ አሮጌ ነው፣ ከመግባቱ በፊት በመቀየሪያ መለወጥ አለበት። አንቺ ራስሽ ስታስቀምጪ ደግሞ ዳታቤዙ ከዳር እስከ ዳር ዩኒኮድ ይሁን። አንድ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ርዝመቱን በባይት የምትቆጥሪ ከሆነ ለ30 ባይት የተበጀ ሣጥን አሥር ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው። አስቀምጠሽ፣ ዘግተሽ፣ መልሰሽ ክፈቺ። የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ካገኘሽ ፊደሉ ሄዷል፤ በምንም አይመለስም፣ ሰውየውን እንደገና መጥራት ነው።

ፎንቱን ራስሽ ይዘሽ ሂጂ። ኒያላ በዊንዶውስ 10 ላይ አብሮ አይጫንም፣ ለብቻው ነው የሚወርደው፤ እሱ ከሌለ ሌላ ፎንት ይተካውና እዚህ አንድ ገጽ የነበረው ካርድ እዚያ ሁለት ገጽ ሆኖ ይታተማል። አቢሲኒካም ኖቶ ኢትዮጲክም በነጻ ይገኛሉ።

ለወላጅ በስልክ መልእክት ትልኪያለሽ አይደል? በእንግሊዝኛ አንዱ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል፤ አንዲት የአማርኛ ፊደል ከገባችበት ወደ 70 ይወርዳል፣ ከዚያ ካለፈ በሁለት መልእክት ዋጋ ነው። ርእሰ መምህሩን ሂሳቡ ከመምጣቱ በፊት ንገሪያቸው፤ ጽሑፉንም አሳጥሪው።

ቀኑን ረስቼው። ምዝገባ የሚጧጧፈው ነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜ ላይ ነው፣ ያንቺ የወር ሣጥን ደግሞ 12 ላይ ይቆማል። 13 ጨምሪበት። ወሩን በጽሑፍ የምታስገቢ ከሆነ ጳጉሜንም ጳጉሜም ይቀበል።

ለፓስዎርዱ ሣጥን የዓይን ምልክት አድርጊለት፤ አማርኛ በርቶ ይሁን እንግሊዝኛ በነጠብጣቡ ውስጥ ማንም አያይም፣ ከዚያ «ፓስዎርዴ ተሰረቀ» የሚል ስልክ ይደወልልሻል።

አሁን ይሄን ሁሉ ዛሬ አትሥሪውም። የሴክሽኑን ሣጥን፣ ጭረቷንና የማይታየውን ስም አስቀድሚ፤ ሌላው ይደርሳል። ከዚያ ላፕቶፕሽን ይዘሽ ሬጅስትራሯ ጋ ሂጂ፤ የራስሽን ኪቦርድ ትተሽ የእሷን ሰኪበት፣ ያንን ፊደሉ የተፋቀውን። መጻፊያውንም እሷ የለመደችው ይሁን። ከአምና መዝገብ ላይ ስሞች ስጫትና ዝም ብለሽ ከጎኗ ተቀመጪ፤ «እዚህ ጋ እኮ እንዲህ ነው» እያልሽ እንዳታስረጂ፣ አውቅሻለሁ። ባክስፔስ የመታችበትን ቦታ ሁሉ በወረቀት ያዢልኝ፤ ማታ አብረን እናየዋለን።